ሥራዬን ሰው ፊት እንዴት ላስረዳ? የጀማሪ ነጋዴዎች ተደጋጋሚ ጥያቄዎች

አዲስ ሥራ የጀመሩ ልጆች ባንክ፣ ውድድር ወይም ባለሀብት ፊት ከመቅረባቸው በፊት አብሬያቸው እቀመጣለሁ። የሚሉትን እሰማለሁ፣ አብረን እናስተካክላለን። ዓመታት ሆኖኛል። ሥራቸው የተለያየ ነው፤ የሚጠይቁኝ ግን ያው ነው። ደጋግመው የመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ሰው ፊት ስቆም ሁሉም ነገር ይጠፋብኛል። ፈሪ ስለሆንኩ ነው?

ብዙ ሰው እንደዚያ ይለኛል። እኔ ግን ቡና እንጠጣ ብዬ ይዤው እወጣለሁ። "እስቲ አሁን ሥራህን ንገረኝ" እለዋለሁ። መድረክ የለም፣ ዳኛ የለም፣ ማይክ የለም። ያም ሆኖ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። መሃል ላይ "ቆይ፣ እሷን ሳልነግርህ" ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል። ታዲያ ይህ ምኑ ነው ፍርሃት? ሀሳቡ ለራሱም ገና አልጠራም።

ፍርሃትና አለመጥራት የተለያዩ ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። አንዱ ግን ሌላውን ያባብሳል። ምን ሊል እንደሆነ በደንብ የማያውቅ ሰው ቢፈራ አይገርምም። ስለዚህ እኔ ድምፅና አቋቋም የማስተምረው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ሀሳቡን እናጠራለን። ብዙ ጊዜ ግማሹ ፍርሃት እዚያው ይቀራል።

ሀሳቤ መጥራቱን በምን አውቃለሁ?

አራት ነገር በአጭሩ መመለስ ከቻላችሁ ጠርቷል። ለማን ነው የምትሠሩት? ያ ሰው ምን ተቸግሯል? እናንተ ምን ታደርጉለታላችሁ? ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

አንድ ምሳሌ ልፍጠርና እስከ መጨረሻው እሱን እንያዝ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው እንበል። ሰው ሌሊት 8 ሰዓት ተነስቶ ባልዲ ይሞላል። እናንተ ቧንቧው ላይ የሚገጠም ትንሽ መሣሪያ ሠርታችኋል። ውሃ ሲመጣ ሮቶውን ራሱ ይሞላል፤ ለባለቤቱም ስልክ ላይ መልእክት ይልካል። አንዱን በ9,000 ብር ትሸጣላችሁ፤ ከነመግጠሚያው 6,500 ብር ይፈጅባችኋል። አለቀ። ይህን የሰማ ሰው ሥራችሁን ያውቀዋል።

ችግሩ፣ ሥራውን የሚሠራው ሰው ራሱ እንዲህ አይናገርም። ሴንሰሩን፣ ኮዱን፣ ስንት ጊዜ ተበላሽቶ እንደተሠራ ያወራል። ጭንቅላቱ ውስጥ ሙሉ ሥዕሉ ስላለ ሌላውም የሚያየው ይመስለዋል። በዚህ ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ከአእምሮዬ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1990 ኤልዛቤት ኒውተን የተባለች ተመራማሪ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርጋ አስቀመጠች። አንደኛው በጣም የታወቀ ዘፈን ምት ጠረጴዛ ላይ በጣቱ ይመታል፤ ሌላኛው ዘፈኑን ይገምታል። መቺዎቹ "ግማሹን ያውቁታል" ብለው ነበር። ከ120 ዘፈን የታወቀው 3 ብቻ ነው። መቺው እየመታ ዜማውን በውስጡ ይሰማል። ለአድማጩ የሚደርሰው ኳ ኳ የሚል ድምፅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከሙያችሁ ውጭ ላለ አንድ ሰው ንገሩ። አክስታችሁ ይሁኑ፣ ጎረቤት ይሁን። "ገባሽ?" ብላችሁ ግን አትጠይቁ፤ ሰው በይሉኝታ "አዎ" ይላል። በማግስቱ ደውሉና "እኔ የምሠራውን ለጓደኛሽ ብትነግሪያት ምን ትያታለሽ?" በሉ። እሷ የምትመልሰው ነው የተናገራችሁት። ሌላው ቀርቷል።

ቁጥር ስታወሩም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አፕል አይፖድን ሲያወጣ መሣሪያው 5 ጊጋባይት ይይዝ ነበር። ስቲቭ ጆብስ ግን ለሕዝቡ ያለው "1,000 ዘፈን በኪሳችሁ" ነው። ጊጋባይት የማያውቅ ሰው ኪሱን ያውቃል።

"ስትናገር መሃል ላይ እንጠፋለን" ይሉኛል። ምን ላድርግ?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ከራሱ ከቋንቋችን ጋር የተያያዘ ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ተናጋሪው ነገሩን ይሥራ፣ ይተወው፣ ያስብበት፣ አድማጭ የሚያውቀው ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው። እስከዚያ ሁሉንም ተሸክሞ ይጠብቃል። ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ሸክሙ ይከብደዋል፣ ከዚያ መሃል ላይ ይጥለዋል።

ይህን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፦ "ድርጅታችን በአዲስ አበባ ከተማ በጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩ ነዋሪዎች በየዕለቱ የሚያጋጥማቸውን የውሃ አቅርቦት ችግር ዘመናዊ ቴክኖሎጂን በመጠቀም ለመቅረፍ የሚያስችል የተቀናጀ መፍትሔ ለማቅረብ የተቋቋመ ነው።" ስህተት የለበትም። ደብዳቤ ላይ ቢጻፍ ማንም አይነቅፈውም። በጆሮ ግን አይያዝም። "የተቀናጀ መፍትሔ" የሚለው ደግሞ ለውሃም፣ ለጤናም፣ ለትራፊክም ይሆናል። ለሁሉም የሚሆን ቃል ስለ እናንተ ምንም አይናገርም።

አሁን ቆራርጡት። "ሰው ሌሊት ተነስቶ ባልዲ ይሞላል። እኛ ይህን እናስቀራለን። ቧንቧው ላይ መሣሪያ እንገጥማለን። ውሃ ሲመጣ ራሱ ይሞላል።" ግሱ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። አድማጭ በየአራት በየአምስት ቃሉ ያርፋል። እናንተም ትተነፍሳላችሁ።

ሌላም አለ። "ይሠራል ተብሎ ይጠበቃል"፣ "ጥናት ተደርጎ" የሚሉትን ተጠንቀቁ። ማን ሠራው? ማን አጠናው? "እኔና እህቴ 40 ቤት ዞረን ጠየቅን" በሉ። አድራጊው ሲታወቅ ነገሩ ይታመናል።

ፍርሃቱ ግን አለ። እንዴት ላጥፋው?

አይጠፋም። ለዓመታት መድረክ ላይ የቆዩ ሰዎችም ልባቸው ይመታል። የሚቀየረው አያያዙ ነው።

ዋረን ቡፌትን ታውቁታላችሁ፤ ከዓለም ትልልቅ ባለሀብቶች አንዱ ነው። ወጣት ሳለ ሰው ፊት መናገር ያሳምመው ነበር። ለዴል ካርኔጊ የንግግር ኮርስ ተመዘገበ፣ ቼክ ጻፈ፣ ከዚያ ፈርቶ ቼኩን አስቆመው። በኋላ የትውልድ ከተማው ኦማሃ ተመልሶ እንደገና ተመዘገበ። በዚህኛው ጊዜ ሀሳቡን እንዳይቀይር 100 ዶላሩን በጥሬ ገንዘብ ከፈለ። ኮርሱን ሲጨርስ ደግሞ የለመደው እንዳይጠፋበት ኦማሃ ዩኒቨርሲቲ የማታ ተማሪዎችን ማስተማር ጀመረ። ቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪው አይደለም፤ የዚያ ኮርስ ወረቀት ነው። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወደው ማስተማር መጀመሩን ነው። ኮርሱ ብቻውን አልበቃውም፤ በየሳምንቱ ሰው ፊት የሚያቆመው ነገር ፈለገ።

ለዕለቱ የሚሆኑ ትንንሽ ነገሮችም አሉ። ቀድማችሁ ግቡና ባዶው መድረክ ላይ ቁሙ። ከታዳሚው ሁለት ሦስት ሰው ሰላም በሉ፤ ስትናገሩ የምታውቁት ፊት ይኖራችኋል። አየር ቀስ ብላችሁ አስገቡ፣ ስታወጡ ደግሞ ከዚያ አስረዝሙት። አምስት ስድስት ጊዜ። የልብ ምት ረገብ ይላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ በቃል ያዙ፤ እነሱን ከወጣችሁ አፋችሁ ይፈታል። አቦሉን ጠጡ ግድ የለም፤ ቶናውን ግን ከመድረክ በኋላ አድርጉት። ልባችሁ በራሱ እየሮጠ ነው።

ደግሞ ለራሳችሁ "ተረጋጋ" አትበሉ። የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤቷ አሊሰን ዉድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጥናት፣ ከንግግር በፊት "ጓጉቻለሁ" ያሉት "ተረጋግቻለሁ" ካሉት የተሻለ አሳማኝ ነበሩ። ሰውነት መጓጓትና መፍራትን አይለይም፤ ስም የምታወጡለት እናንተ ናችሁ።

ሌላው፣ መንቀጥቀጣችሁ እናንተ የሚመስላችሁን ያህል አይታይም። ይህንንም ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሳቪትስኪና ጊሎቪች፣ እ.ኤ.አ. በ2003 አሳይተዋል። "ጭንቀታችሁ ያን ያህል አይታይም" ተብሎ አስቀድሞ የተነገራቸው ተናጋሪዎች የተሻለ ተናገሩ። እኔም አሁን ነገርኳችሁ።

ስለራሴ መናገር ይከብደኛል። ልታይ ልታይ ማለት አይሆንም?

ይህ የእኛ አገር ጥያቄ ነው፤ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ያደግነው "ዝም አይነቅዝም" እየተባለ ነው። ሰው ራሱን ሲያወድስ ጆሯችን ይኮሰኩሰዋል። ይህ ጨዋነት ነው፤ ልናጠፋው አይገባም። ግን ዳኛው ፊት ቆማችሁ "ያው ትንሽ ነገር እየሞከርን ነው" ካላችሁ፣ እሱም ትንሽ ነገር ነው ብሎ ያልፋችኋል።

ሽምግልና ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ቆመው ነው የሚናገሩት። ማን እንደላካቸው ይናገራሉ። ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ጠባዩ እንዴት እንደሆነ ይናገራሉ። ከዚያ የመጡበትን በግልጽ ይጠይቃሉ። እዚያ ቤት ውስጥ "ልታይ ልታይ አሉ" የሚል ሰው የለም። የተላኩት ለሌላ ሰው ነውና።

እናንተም ለሥራችሁ እንደተላካችሁ ቁጠሩት። ሌሊት ባልዲ ለምትሞላው እናት ተልካችሁ መጥታችኋል። ስለ እሷ ተናገሩ። ስለ ራሳችሁ የምትሉት ሽማግሌው ስለ ልጁ የሚለውን ያህል ይሁን፦ የተሠራውን ብቻ፣ እንደተሠራ። "ጎበዝ ነኝ" አይባልም። "23 ቤት ገጥመናል፣ 21ዱ አሁንም ይሠራሉ" ይባላል። የተበላሹትን ሁለቱን ካልደበቃችሁ ደግሞ የሠሩት ይታመናሉ።

"እኛ" ማለትም መደበቂያ እንዳይሆን። ብቻችሁን ከሆናችሁ "እኔ" በሉ። ዳኛው "ስንት ናችሁ?" ብሎ ሲጠይቅ ከመሸማቀቅ ያድናል።

ሴት ነጋዴዎች ይህን ጥያቄ ሲጠይቁኝ ሸክሙ እጥፍ እንደሆነ አያለሁ። ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ ዓይንን ሰበር ማድረግ እንደ ጨዋነት ተነግሯቸው አድገዋል። ለእነሱ የምለው አንድ ነገር ነው። ጮክ ማለት አይጠበቅባችሁም። የመጨረሻውን ቃል ግን አትዋጡት። በአማርኛ የመጨረሻው ቃል ግሱ ነው፤ እሱ ከተዋጠ ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ ተዋጠ።

በአማርኛ ልናገር ወይስ በእንግሊዝኛ?

ምርጫው የእናንተ ከሆነ ይበልጥ በምታስቡበት ቋንቋ ተናገሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው ይናገሩ ነበር። የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሞከሩ። ጋዜጠኞቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ጠበቁና ንግግራቸውን ቀጠሉ። ትርጉሙ ለዓለም ደረሰ።

ውድድሩ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነስ? ያኔም መጀመሪያ በአማርኛ አጥሩት። አማርኛው ላይ የደፈረሰ ሀሳብ እንግሊዝኛ ላይ አይጠራም። ከዚያ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር አሻግሩት። አማርኛ እያወራችሁ በየመሃሉ "አክቹዋሊ"፣ "ቤዚካሊ" ማስገባት ግን ምንም አይጨምርላችሁም። "ሴንሰር"፣ "አፕ" ችግር የለባቸውም፤ ሰው የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው።

ዲያስፖራ ወይም የውጭ ባለሀብት ፊት ስትቀርቡ ሦስት ነገር አስተካክሉ። ዓመቱን እ.ኤ.አ. አድርጉት፤ "በ2016 ጀመርን" ስትሉ እሱ ብዙ ዓመት የቆያችሁ ይመስለዋል። ሰዓቱን አረጋግጡ፤ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት የእነሱ 8 ነው፤ በዚህ ምክንያት ያለፈ የዙም ስብሰባ አውቃለሁ። ብሩን ወደ ዶላር ስትመነዝሩ በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሆነ ተናገሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የድሮ ስላይድ ላይ ያለ የዶላር ቁጥር ዛሬ ውሸት ሊሆን ይችላል።

3 ደቂቃ ብቻ ሰጡኝ። ከምን ልጀምር?

ከባልዲው። ከሴትየዋ። ከሌሊቱ። ከድርጅቱ ስምና ከተመሠረተበት ቀን አትጀምሩ።

ሰላምታው ላይ ተጠንቀቁ። "ክቡር ሚኒስትር ዴኤታ፣ ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣ የተከበራችሁ ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች…" እያላችሁ 40 ሰከንድ ይሄዳል። አክብሮቱ ያስፈልጋል፤ ግን መድረክ መሪው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ብሎታል። "ክቡራን እንግዶች፣ እንደምን ዋላችሁ" ይበቃል። "ድምፄ ትንሽ ዘግቷል"፣ "ብዙም አልተዘጋጀሁም" የሚለውን ይቅርታ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተዉት። ከዚያ በኋላ ሰው የሚሰማው ድምፃችሁን ነው።

መጨረሻው ላይ ጥያቄያችሁ በቁጥር ይምጣ። "ድጋፋችሁን እንሻለን" ጥያቄ አይደለም። "2 ሚሊዮን ብር እንፈልጋለን፤ 300 ቤት እንገጥምበታለን" ጥያቄ ነው። ዳኛው 6,500ን በ300 አባዝቶ ሲያየው ይገጥምለታል። ይህች ስሌት መግጠሟ ከማንኛውም ጥሩ ንግግር በላይ ትረዳችኋለች።

"ምናምን" እና "እንትን" አፌ ላይ አሉ።

ሁላችንም ላይ አሉ። "እ…" ብዙም አይጎዳም። "ምናምን" ግን ይጎዳል። "ደንበኞቻችን ኮንዶሚኒየም፣ ሆቴል፣ ምናምን ናቸው" ስትሉ ሦስተኛውን እንዳላሰባችሁት ይታወቃል። ሁለት ከሆኑ ሁለት በሉ።

የሚያስለቅቀው መቆጠሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራልፍ ስሜድሊ ካሊፎርኒያ ሳንታ አና ውስጥ የጀመረው ቶስትማስተርስ በሚባለው የንግግር ክበብ፣ የእያንዳንዱን ተናጋሪ "እ…" የሚቆጥር አንድ ሰው ይመደባል። ክበቦቹ አዲስ አበባም አሉ። ካልሆነም ጓደኛችሁ ይቁጠር። ቁጥሩን ስትሰሙ ትደነግጣላችሁ፣ ከዚያ በቦታው ዝም ማለትን ትለምዳላችሁ። ሁለት ሰከንድ ዝምታ ለእናንተ ረጅም ነው፤ ለአድማጭ ግን ማረፊያ ነው።

በቃሌ ልሸምድደው ወይስ ላንብብ?

ሁለቱንም አይደለም። ዊንስተን ቸርችል እ.ኤ.አ. በ1904 ፓርላማ ውስጥ በቃሉ የያዘው ንግግር መሃል ላይ ጠፋበትና ፊቱን ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ማስታወሻ ሳይዝ መናገር ተወ። እናንተ አምስት ቃል ያለባት ትንሽ ካርድ ያዙ፦ ባልዲ፣ መሣሪያ፣ 23 ቤት፣ 9,000፣ 2 ሚሊዮን። ቅደም ተከተሏ ካልጠፋ ዓረፍተ ነገሩ ይመጣል።

መብራት ቢጠፋስ? ፕሮጀክተሩ እምቢ ቢልስ?

ይሆናል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ያለ ስላይድ ተለማመዱ። መሣሪያው ካለ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በእጅ የተያዘ ነገር መብራት አይፈልግም።

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው፤ ዘዬዬ ያሳፍረኛል።

አያሳፍር። ሰው የሚቸገረው በዘዬ አይደለም፤ በፍጥነት ነው። ቀስ በሉ።

የማላውቀውን ቢጠይቁኝ?

መጀመሪያ እስኪጨርሱ ስሙ። ከዚያ ጥያቄውን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ በሉት፦ "የጠየቁኝ መሣሪያው ከውጭ በርካሽ ቢገባ ምን ታደርጋለህ የሚለውን ነው?" ጊዜ ታገኛላችሁ፣ ጠያቂውም እንደተሰማ ያውቃል። መልሱ ከሌላችሁ "ይህን ቁጥር አሁን አልያዝኩትም፤ እስከ ሐሙስ እልክልዎታለሁ" በሉ። ሐሙስ ደግሞ ላኩ። አንድ ጊዜ አብሬው የሠራሁት ልጅ ውድድሩን ወደቀ። ቃል የገባውን ቁጥር ግን በቀጠሮው ላከ። ከወር በኋላ የደወለለት ያ ጥያቄውን የጠየቀው ዳኛ ነው።

የት ልለማመድ? መድረክ የለኝም።

የዕድር ስብሰባ ላይ እጅ አውጡ። እቁብ ላይ ሒሳቡን እናንተ አንብቡ። ሰንበት ትምህርት ቤት፣ መድረሳ፣ የግቢ ኮሚቴ፣ ሁሉም መድረክ ነው። ሰው ያውቃችኋል፣ ይታገሳችኋል።

ለብቻችሁ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ የድምፅ መልእክት ላኩ። ሦስት ደቂቃውን ተናገሩ፣ በማግስቱ ስሙት። ትናንት ያማረላችሁ ዓረፍተ ነገር ዛሬ ያሰለቻችኋል፤ እሱን ቁረጡት። አሥር ቀን ይህን ያደረገ ሰው ለውጡን ራሱ ይሰማዋል።

ምን ልልበስ?

ንጹሕ የሆነና ከዚህ በፊት የለበሳችሁትን። አዲስ ጫማ ለዚያ ቀን አይሆንም።

ከመድረክ ከወረድኩ በኋላስ?

ሰው ሲያጨበጭብላችሁ ስልክ አውጡና የተጠየቃችሁትን ጥያቄ ሁሉ እንደተጠየቀ ጻፉ። እስከ ማታ ከቆየ ይጠፋል። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ስትቀርቡ ዝርዝሩን አስተያዩት። ሦስቱም ቦታ የመጣ አንድ ጥያቄ ታገኛላችሁ። ምናልባት "ውሃው ጨርሶ ባይመጣስ?" የሚል ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ማንም ሳይጠይቃችሁ፣ ከባልዲው ቀጥሎ እሱን መልሱ።